«ሰው አልባ» የተባለው ሰው አለው

ስሙኝማ… አንዲት ቃል አለች። ከመጣች ብዙ ዓመት አልሆናትም፤ የተሸከመችውን ጭነት ግን ሲኖትራክም አይችለው። «ድሮን» ትባላለች። የልጆች መጫወቻ ሱቅ ውስጥ መዳፍ ላይ የምትቀመጠው ባለ አራት ፕሮፔለር ነገር ድሮን ናት። ሠርግ ቤት ከድንኳኑ በላይ ተንሳፎ ሙሽሮቹን የሚቀርጸውም ድሮን ነው። ማሳ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጨውም ድሮን ነው። ማታ ዜና ከፍተን «በድሮን ጥቃት ይህን ያህል ሰው ሞተ» ሲባል የምንሰማውም ያው ድሮን ነው። አንዷ ከግማሽ ኪሎ ስኳር ታንሳለች፤ ሌላው ቦምብ ታጥቆ ደመና ላይ ሲዞር ይውላል። ስማቸው ግን አንድ!

መሬት ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ አናውቅም። መቱ ከተማ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ «መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ» ብሎ የሕዝብ አውቶቡስ መሪ ልጨብጥ ቢል ትራፊክ ፖሊሱ ዝም አይለውም። ሞተር ሳይክል ለብቻው ነው፣ ባለ ሦስት እግር ለብቻው፣ አውቶሞቢል ለብቻው። ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ እያልን ከፋፍለናል። ለእያንዳንዱ የራሱ ፈተና፣ የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ ታርጋ አለው። «ሁሉም ጎማ ስላላቸው አንድ ናቸው» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰማይ ላይ ስንደርስ ግን «ሁሉም ይበራሉ» ብለን በአንድ ጆንያ ከተትናቸው።

እኔ የምለው… በአንድ ስም የተጠራ ነገር በአንድ ዓይን ይታያል። ያ ዓይን ደግሞ ከሁሉም ክፉውን እያሰበ ስለሚያይ፣ ለሁሉም የሚደርሰው ቃል «ክልክል ነው» የሚል ይሆናል። የሚያሳዝነው፣ ክፉው በዚያ ቃል አይያዝም። የዛሬው ሂሴ በዚህ ላይ ነው።

ስሙን ካነሳን ከሥሩ እንጀምር። «ድሮን» በእንግሊዝኛ ወንዱ ንብ ነው፤ እኛ ድንጉላ የምንለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ለአየር መከላከያ ተኳሾቻቸው ዒላማ የምትሆን፣ ከመሬት በሬዲዮ የምትመራ አውሮፕላን ሠሩና «ንግሥት ንብ» አሏት። አሜሪካኖቹ ሐሳቡን ሲወስዱ የራሳቸውን «ድንጉላ» ብለው ጠሩት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። እንግዲህ አስቡት፤ ድንጉላ ማር አይሠራም፣ መንደፊያም የለውም። የዛሬው ድሮን ግን ማርም ይሠራል፣ ይናደፋልም።

ኢሉባቦር ደግሞ የማር አገር ነው። ዛፍ ላይ ቀፎ (በኦሮምኛው ጋጉራ) ሰቅሎ የሚኖር ገበሬ «ንብ» ብሎ ብቻ አያልፍም። አውራዋን፣ ሠራተኛዋን፣ ድንጉላውን ለይቶ ያውቃል። አውራዋ ከጠፋች መንጋው እንደሚበተን ያውቃል። የምትናደፈውን ከማይናደፈው ሳይለይ እጁን የሚሰድ የለም። በአንድ ቀፎ ውስጥ ሦስቱን የሚለይ አገር፣ በአንድ ሰማይ ላይ መቶ ዓይነቱን «ድሮን» ብሎ ሲጠራ ትንሽ አያስተዛዝብም?

«ባዕድ ቃል ነው፣ አማርኛውን እንያዝ» ካላችሁ ደግሞ የባሰ አለ። «ሰው አልባ አውሮፕላን»። ቤት አልባ ቤት የሌለው ነው። መሬት አልባ ገበሬ መሬት የሌለው ነው። ሰው አልባ አውሮፕላንስ? ውስጡ ሰው አይቀመጥ ይሆናል እንጂ ሰውማ አለው! ከታች ቆሞ የሚመራው ሰው አለው። የገዛው ሰው አለው። «ሂድ ያንን አንሣ» ወይም «ያንን ምታ» ብሎ ያዘዘው ሰው አለው። ስሙ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ሰወራቸው። አንድ ነገር ሲበላሽ «ሰው አልባው ወደቀ» እንላለን፤ ጣለው የሚባል ሰው እንዳይኖር ሆኖ።

ይህን ነገር ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ቀድሞ ነቅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መጽሐፍ ዋናዎቹን «ከርቀት የሚመሩ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ መሪውንም «የርቀት አብራሪ» ብሎ የአብራሪ ግዴታ ያሸክመዋል። የቃል ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። «ሰው አልባ» ስትሉ ወሬው እዚያው ያልቃል። «ከርቀት የሚመራ» ስትሉ ግን ወዲያው ጥያቄ ይከተላል፤ ማን ነው የሚመራው? ከየት ሆኖ? በማን ፈቃድ?

ጥያቄው አዲስም አይደለም። ዛሬ የዓለም አውሮፕላኖች ሁሉ የሚገዙበት የቺካጎ ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 ነው። ኢትዮጵያም ከጉባኤው ተካፋዮች አንዷ ነበረች፤ ያውም የራሷ አየር መንገድ ሊመሠረት አንድ ዓመት ሲቀረው። የስምምነቱ ስምንተኛ አንቀጽ ያለ አብራሪ የሚበር አውሮፕላን ከሚያልፍበት አገር ልዩ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ሲያልፍም ሌሎቹን አውሮፕላኖች አደጋ ላይ እንዳይጥል ቁጥጥር ይደረግበት ይላል። ከሰማንያ ዓመት በፊት! እኛ ዛሬ «ሕግ የቀደመው ቴክኖሎጂ» ብለን የምናመካኝበት ነገር ሕጉ ከቴክኖሎጂው ቀድሞ ነበር።

ሌሎቹ አገሮች ከዚያ ተነስተው ምን አደረጉ? ከፋፈሉ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ደንብ ድሮንን በሦስት መደቡት፤ «ክፍት»፣ «ልዩ» እና «የምስክር ወረቀት የሚያስፈልገው» ብለው። ክፍት የተባለው ከ25 ኪሎ በታች የሆነ፣ አብራሪው በዓይኑ እያየው የሚያበረው፣ ከ120 ሜትር በላይ የማይወጣ ነው፤ በበረረ ቁጥር ፈቃድ አይጠየቅም። ልዩ የተባለው ከዚህ ያለፈ ነው፤ አብራሪው ሊያደርስ የሚችለውን አደጋ አስልቶ ያቀርባል፣ ተፈቅዶለት ይበራል። ሦስተኛው ሰው ወይም አደገኛ ዕቃ የሚጭነው ነው፤ እሱ እንደ ማንኛውም ትልቅ አውሮፕላን ይመረመራል። ልብ በሉ፤ መለኪያው «ምን ይባላል?» አይደለም። ምን ያህል ይከብዳል? ከማን አናት በላይ ይበራል? ከአብራሪው ዓይን ምን ያህል ይርቃል? እነዚህ ናቸው መለኪያዎቹ።

250 ግራም የምትባል መስመርም አለች። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ከዚያች በላይ የሆነ ሁሉ ይመዝገብ አሉ። ምን ተከተለ? እ.ኤ.አ. በ2019 ዲጄአይ የተባለው የቻይና ፋብሪካ 249 ግራም የምትመዝን ድሮን ለገበያ አወጣ! ሳቁ አትሉም? እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ቁም ነገሩ ታየኝ። መስመር ሲሰመር ፋብሪካው ራሱ ቀለል ያለ፣ ቢወድቅ ጉዳቱ የቀነሰ ዕቃ ወደ መሥራት ዞረ። ጥሩ ምደባ ማለት እንዲህ ነው፤ ማንንም ሳያስር ሰውን ወደ ደኅናው መንገድ ይገፋል። ጥቅል ክልከላ ግን ሩብ ኪሎውንም 25 ኪሎውንም እኩል ስለሚያይ፣ መቶ እጥፍ የሚከብደውን ለመተው ምክንያት አይሰጣችሁም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» እንዳትሉኝ ሩዋንዳን ልጥራ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለ ኩባንያ ከሙሃንጋ እየተነሳ ለሆስፒታሎች ደም በድሮን ያደርሳል። የሩዋንዳ መንግሥት «ድሮን» የሚል ቃል ሰምቶ አልደነገጠም፤ የሚበርበትን መስመር፣ ከፍታውን፣ ከአየር መቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ጠየቀ፣ መልሱን አይቶ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጊዜው አልፎ የሚጣለው ደም በ67 በመቶ ቀነሰ። ማላዊም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ከዩኒሴፍ ጋር ሆና ካሱንጉ ላይ ለድሮን ሙከራ ብቻ የተለየ የአየር ክልል ከፍታለች።

አሁን ወደ ቤታችን። በእኛ አገር ድሮን ለማስገባትና ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የአየር ክልሉ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃው ሲገባ የሚያገኘው ጉምሩክ ነው። ሲበር የሚይዘው ፖሊስ ነው። በትልልቅ በዓልና ጉባኤ ሰሞን «ያለ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው» የሚል ማሳሰቢያ እንሰማለን። ቱሪስቱ ቦሌ ላይ ድሮኑን አስረክቦ ይገባል፣ ሲወጣ ይቀበላል፤ የላሊበላንና የሶርን ፏፏቴ ከላይ ሳያነሳ ይመለሳል። ሕጉ በወረቀት ላይ የፈለገውን ያህል ክፍልፋይ ይኑረው፣ ወርዶ ወርዶ ኢሉባቦር የደረሰው አንድ ቃል ነው። ክልክል!

ፍትሐዊ እንሁን፣ መንግሥት ያለ ምክንያት አልፈራም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ለንደን አጠገብ ያለው ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ ተብሎ ተዘጋ። ወደ 1,000 የሚጠጉ በረራዎች ተስተጓጎሉ፣ 140,000 ያህል መንገደኛ መንገድ ላይ ቀረ። ፖሊስ ወራት ሙሉ ፈልጎ «ያበረረው እገሌ ነው» ሳይል መዝገቡን ዘጋ። በዩክሬኑ ጦርነት ደግሞ ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት ትንሽ ድሮን ሰው ሲገድል ዓለም አይቷል። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ ተዉአት» የሚለው ክርክር ብቻውን አይቆምም። ግን ጥያቄ አለኝ፤ ሊገድል የተነሳ ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ ቢሮ ይመጣል? ክልከላው የሚያስቀረው ጠያቂውን ነው። ጠያቂው ሲቀር ደግሞ በሰማይ ላይ ያለው ሁሉ የማይታወቅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ክፉውን ከደጉ የሚለየው ማን ነው?

ይህ ነገር በዓይኔ የገባኝ ኡካ ላይ ነው። ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ከቤቱ ጓሮ በኩል ያ የታወቀ ጥዝዝዝ የሚል ድምፅ ተነሳ። ከባሕር ዛፎቹ በላይ ብቅ አለና ድንኳኑን ዞሮ ዝቅ ብሎ መጣ። ወጣቶቹ ፀጉራቸውን እያስተካከሉ ሳቁለት። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። ከወለጋ በኩል የመጣች አንዲት እንግዳ ግን ልጇን ብድግ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ ሁሉም ገብቶታል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቀና ብለው አዩና «ኩን ካን ኤኙቲ?» አሉ፤ ይሄ የማን ነው? ማለታቸው ነው። አንዱ «የቪዲዮው ነው፣ አባባ» አላቸው። «የቪዲዮውማ የማን ነው?» አሉ መልሰው። መልስ ያለው አልነበረም።

ኋላ ወደ ጓሮ ዞር ስል አንሺውን አገኘሁት። የመቱ ልጅ ነው፤ ከቆጮው ተክል ጀርባ ቁጢጥ ብሎ መቆጣጠሪያውን ይዟል። «ምነው እዚህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ፈቃድ የለኝም። የሚያዩኝ ከሆነ ይወስዱብኛል» አለኝ። ዕቃውን ለመግዛት ከሁለት ዓመት በላይ የሠርግ ገንዘብ አጠራቅሟል። አዲስ አበባ ወርዶ ፈቃድ ሊጠይቅ ሞክሮ ነበር። አንዱ ቢሮ ሌላኛው ቢሮ ደብዳቤ ይጻፍልህ ይለዋል፣ ሌላኛው ደግሞ ድርጅት ካልሆንክ አንጽፍም ይለዋል። አራተኛው ቀን ላይ የአልጋ ብሩ ሲያልቅ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ጓሮ የጀመረው።

እንግዲህ ፍረዱ። ያንን ድሮን «ሰው አልባ» ያደረገው ማን ነው? ልጁ በግልጽ ቢቆም፣ ደረቱ ላይ መታወቂያ ቢያንጠለጥል፣ ዕቃው ላይ ቁጥር ቢለጠፍ፣ አዛውንቱ መልሳቸውን ባገኙ፣ ያቺም እናት ባልደነገጠች ነበር። ሰውየውን ጓሮ የደበቀው ክልከላው ነው። ደግሞም ቁጢጥ ብሎ ከተክል ጀርባ የሚያበርር ሰው ድሮኑን በደንብ አያየውም፤ የማያየው ድሮን የሰው ራስ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል። ለደኅንነት ተብሎ የወጣ ክልከላ ደኅንነትን ሲቀንስ ማለት ይኸው ነው።

ሰማዩ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ ብቻ አይደለም፤ የጋራ ነው። ወደ ጋምቤላ የሚሄደው አውሮፕላን በላያችን ያልፋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግንባታቸው ከተጀመረ አዳዲስ የአውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ የጎሬ መቱ ነው። አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ ድሮን የሚበርበት ከፍታ ላይ ይደርሳል። ያኔ «የት ድረስ ይበረራል፣ ከየት በኋላ አይበረርም?» የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው። መልሱም እንደ አገሩ አቀማመጥ ካልሆነ አይሠራም። 120 ሜትር ቀላል ቁጥር ይመስላል፤ ግን ከምን ተነስቶ ነው 120 ሜትር? የሶር ፏፏቴ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ድሮን ብታስነሱና ወደ ገደሉ ብታሻግሩት፣ እናንተ ካላችሁበት ሳይነሳ ከታች ካለው መሬት ግን በብዙ ሜትር ርቆ ይገኛል። አውሮፓውያኑ የሚለኩት ከሥሩ ካለው መሬት ነው። ለሜዳማ አገር ይህ ዝርዝር ነው፤ ተራራና ሸለቆ ለሆነው ኢሉባቦር ግን ዋናው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በአንድ «ክልክል» መመለስ አይቻልም።

ደግሞ ሰማዩ ውስጥ ለኛ የሚሆን ብዙ ሥራ አለ። ኢሉባቦር ክረምቱ ረጅም ነው፤ ጭቃው መንገድ ሲበላ ከጫካ ውስጥ ካለ ቀበሌ እስከ መቱ ካርል ሆስፒታል መድረስ ምን ማለት እንደሆነ የወለደች እናት ትንገራችሁ። ሩዋንዳ የሠራው ሥራ እዚህ አይሠራም የሚለኝ ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ። (ዝናቡና ጉሙ ድሮንም እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ሙከራ የሚባል ነገር ያለው።) እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ የቡና ደን የት የት እየተመነጠረ እንደሆነ ከላይ አይቶ መናገር በእግር ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነው። የከብቱን ገንዲ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት ቃሊቲ ላይ ወንዱን ዝንብ እያመከኑ የሚያራቡበት ማዕከል አለን፤ የመከኑትን ከአየር መበተን ደግሞ ለድሮን የተፈጠረ ሥራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስካይዊን የተባለ የድሮን ፋብሪካ አገራችን ውስጥ ተመርቋል። እናመርታለን እያልን ነው። የምናመርተውን የሚያበርር የመቱ ልጅ ግን ጓሮ ነው ያለው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ብተወው ሂሴ ግማሽ ይሆናል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር ክንፍ ያለው፣ ቦምብ የታጠቀ ባይራክታርም በእኛ ቋንቋ ድሮን ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ ትግራይ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ሥፍራ ከአየር ተመታ። የረድኤት ሠራተኞች የድሮን ጥቃት ነው አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ከሳምንት በኋላ የሟቾቹ ቁጥር ቢያንስ 59 መድረሱን ተናገረ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በድሮን ሳይሆን አይቀርም በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ሰዎች ተናገሩ። በኦሮሚያም ተመሳሳይ ክሶች ተደጋግመው ተሰምተዋል። ያቺ የሠርግ እንግዳ ልጇን አንስታ የሮጠችው ከዚህ ነው።

የቺካጎ ስምምነት የጦር፣ የጉምሩክና የፖሊስ አውሮፕላንን «የመንግሥት አውሮፕላን» ብሎ ለይቶ ከሲቪሉ ሕግ ውጪ ያደርጋቸዋል። እሺ፤ ይለዩ። ምደባ ማለት መለየትም ነው። ግን ያው አንቀጽ መንግሥታት ለእነዚህ አውሮፕላኖች ሕግ ሲያወጡ ለሲቪል በረራ ደኅንነት እንዲጠነቀቁ ያስገድዳል። ከሲቪል አቪዬሽን ሕግ ወጡ ማለት ከሕግ ሁሉ ወጡ ማለት አይደለም፤ ከታች ያለው ሲቪል ሰው በጦር ሕግም ቢሆን የተጠበቀ ነው። እኛ ጋ ግን የተገላቢጦሽ ሆኗል። ሩብ ኪሎዋ ድሮን በአራት መሥሪያ ቤት ትጠየቃለች። በመቶዎች ኪሎ የሚመዝነው ሲመታ ግን «የማን ነው? ማን አዘዘ? ለምን እዚያ ላይ?» ብሎ ጠይቆ በአደባባይ መልስ ያገኘ ሟች ቤተሰብ አላየሁም። የቀላሉ ጥያቄ በዛ፣ የከባዱ ጥያቄ ጠፋ። የአዛውንቱ «ካን ኤኙቲ?» ለሁለቱም የተጠየቀ ነው፤ ለከባዱ ደግሞ የበለጠ።

«ጦርነት ላይ ታርጋ አይታይም» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ሲበር ይታይ አላልኩም። ከተመታ በኋላ ግን የመታው ይታወቅ፣ ስሕተት ከነበረ ይነገር፣ ለተጎዳው ካሣ ይከፈል። አንድ የጭነት መኪና ሰው ገጭቶ ሲያመልጥ «ገጭቶ አመለጠ» ብለን እንከሳለን። ከሰማይ ሲሆን ግን «ሰው አልባ» የሚለው ቃል ራሱ ጠበቃ ይሆናል።

እናማ ምን ይደረግ? ተአምር አልጠይቅም። ባጃጅ ላይ የሠራነውን ሰማይ ላይ እንድገመው። አንደኛ፣ በክብደት መስመር ይሰመር። ትንሿ ድሮን በምዝገባ ብቻ ትብረር፤ መካከለኛዋ በፈተናና በፈቃድ፤ ትልቋ በምርመራ። ሁለተኛ፣ የትንሿ ምዝገባ ከአዲስ አበባ ይውረድ። የመቱ ልጅ የባጃጅ ታርጋ ለማግኘት አዲስ አበባ አልጋ አይከራይም፤ ለ600 ግራም ዕቃ ለምን ይከራያል? ዞን ላይ አንድ መስኮት ይበቃል፤ የፀጥታው መሥሪያ ቤትም የሚፈልገውን ከዚያው መዝገብ ላይ ያንብብ። ሦስተኛ፣ ካርታ ይውጣ። የጎሬ መቱ ማረፊያ ዙሪያ፣ ወታደራዊ ቦታዎች፣ እስር ቤቶች በቀይ ይቀቡ፤ የቀረው ክፍት መሆኑ በኦሮምኛም በአማርኛም ይነገር። አራተኛ፣ አብራሪው ይታይ፤ ደረቱ ላይ መለያ፣ ዕቃው ላይ ቁጥር ይኑር። የሚነሳበትን ቀን ለቀበሌው ይንገር፤ ካላወቁት ሰዎች አናት በላይ ዝቅ ብሎ አይብረር። አምስተኛ፣ የታጠቀው የራሱ መደብ ይኑረው፤ ሰው ሲሞትበት ሐሳብ የሚያቀርብ፣ የሚመረምር፣ ለሕዝብ የሚናገር አካል በስሙ ይታወቅ።

ከነዚህ ውስጥ የቱ ነው የማይቻለው? የመጀመሪያዎቹን አራቱን ባጃጅ ላይ ችለናል። የቸገረው አምስተኛው ነው። እሱም የቸገረው በቴክኖሎጂ ምክንያት አይመስለኝም።

ቃላት ላይ ብዙ ቆየሁ፤ አምሽቼ ከሆነ ይቅር በሉኝ። ግን የጋዜጣ ሰዎች፣ የሬዲዮ ሰዎች፣ እኛም በየቡና ቤቱ የምናወራ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ብንሞክርስ? «ድሮን» ብለን እንዳንቆም። የሠርግ ከሆነ የሠርግ ካሜራ እንበለው። የሚረጭ ከሆነ የመርጫ አውሮፕላን እንበለው። የሚገድል ከሆነ ደግሞ የታጠቀ አውሮፕላን እንበለው፤ የእገሌ ሠራዊት የታጠቀ አውሮፕላን። ሕግ አውጪው ሳይመድብ እኛ በአፋችን ብንመድብ፣ ቢያንስ ጠያቂ እንሆናለን።

መልካም ሳምንት!